መሪው ሲከብድ፦ የፓወር ስቲሪንግን ችግር ከቁልቁለቱ በፊት መለየት

ሐሙስ የቀይ አፈር፣ ቅዳሜ የጂንካ የገበያ ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ገና ጎሕ ሲቀድ ከአሪ ደጋማ አካባቢዎች ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ቡናና ኮረሪማ የጫኑ አይሱዙዎች፣ መንገደኛ የያዙ ሚኒባሶችና ላንድክሩዘሮች መንገዱን ይሞሉታል። ከቀይ አፈር ወደ ወይጦ የሚወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ከጂንካ ወደ ማጎ ብሔራዊ ፓርክ የሚያመራው መንገድ፣ ከዲመካ ወደ ቱርሚና ኦሞራቴ የሚዘልቀው የቆላ ጉዞ ሁሉም አሽከርካሪውን አንድ ነገር ይጠይቁታል። ይኸውም መሪው በታዘዘበት ቅጽበት መታዘዙ ነው። ከመታጠፊያው ጀርባ የፍየል መንጋ፣ ከብት የሚነዳ ልጅ ወይም ከገበያ የምትመለስ እናት ልትኖር ትችላለች።

ይሁን እንጂ ብዙ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች ለሞተር ዘይት፣ ለፍሬንና ለጎማ የሚሰጡትን ትኩረት ያህል በተለምዶ ፓወር ስቲሪንግ ለሚባለው የመሪ ኃይል አጋዥ ክፍል አይሰጡም። ይህ ክፍል ግን በአብዛኛው በድንገት አይበላሽም። አስቀድሞ ይጮኻል፣ ያንጠባጥባል፣ ይከብዳል። ምልክቱን ያወቀ ሰው በጥቂት ደቂቃ ፍተሻ ከአደጋም ከከፍተኛ ወጪም ሊድን ይችላል።

ፓወር ስቲሪንግ ምንድን ነው?

የተሽከርካሪ የፊት ጎማዎች የሞተሩን ክብደት ተሸክመው መሬት ላይ የቆሙ ናቸው። እነርሱን በክንድ ኃይል ብቻ ማዞር፣ በተለይ መኪናው ቆሞ ወይም በዝግታ እየሄደ ሳለ፣ አድካሚ ሥራ ነው። ፓወር ስቲሪንግ ይህን ድካም የሚጋራ ረዳት ነው። አሽከርካሪው መሪውን ሲያዞር ረዳቱ የፍላጎቱን አቅጣጫ አውቆ ጎማውን አብሮት ይገፋል።

ይህ ሐሳብ ዛሬ የመጣ አይደለም። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍራንሲስ ዴቪስ በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ ሠርቶ ያሳየው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ አጋማሽ ነበር። ለሽያጭ በቀረበ የቤት መኪና ላይ የተገጠመው ግን በ1951 በክራይስለር ኩባንያ ኢምፔሪያል መኪና ላይ ነው። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዘው መሪ ደግሞ በ1988 በጃፓኑ ሱዙኪ ሰርቮ ላይ ታየ።

በደቡብ ኦሞ መንገዶች ላይ በሚታዩት የጭነት መኪኖች፣ ፒክአፖችና ላንድክሩዘሮች ላይ በብዛት የሚገኘው በዘይት ግፊት የሚሠራው ነው። ዋና ዋና ክፍሎቹ አራት ናቸው። የመጀመሪያው ዘይቱ የሚጠራቀምበት ትንሽ ታንከር ነው። ሁለተኛው ከሞተሩ ኃይል እየወሰደ ዘይቱን በከፍተኛ ግፊት የሚገፋው ፓምፕ፣ በጋራዥ ቋንቋ ፖምፓ ነው። ሦስተኛው ግፊቱን ወደ ጎማው እንቅስቃሴ የሚለውጠው የመሪ ሳጥን ሲሆን፣ አራተኛው እነዚህን የሚያገናኙት የግፊትና የመልስ ቱቦዎች ናቸው። ፓምፑ በአንዳንድ ሞተሮች በቺንጋ፣ በአንዳንድ የናፍጣ ሞተሮች ደግሞ በቀጥታ በጥርስ ይዞራል።

የመስኖ ሞተር ፓምፕ የተጠቀመ አርሶ አደር ይህን አሠራር ለመረዳት አይቸገርም። የፓምፑ መሳቢያ ቱቦ ከወንዙ ውኃ ወጣ ሲል ፓምፑ አየር ይስባል፤ ድምፁ ይለወጣል፤ ውኃው ይቆራረጣል። እንዲያው ከተተወም ፓምፑ ራሱ ይጎዳል። የመሪው ፓምፕም ዘይት ሲጎድልበት የሚሆነው ይኸው ነው። ልዩነቱ እዚያ የሚጎዳው የአትክልት ማሳ ሲሆን እዚህ ግን የሰው ሕይወት መሆኑ ነው።

ችግሩ ራሱን የሚገልጽባቸው ምልክቶች

የመጀመሪያው ምልክት የመሪ መክበድ ነው። ነገር ግን መሪ ሁሉ የሚከብደው በፓምፕ ምክንያት አይደለም። የፊት ጎማዎች አየር ከጎደላቸው ጤነኛ መሪም ይከብዳል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የጎማ አየር መለካት ይገባል። አየሩ ትክክል ሆኖ መሪው ከከበደ፣ አከባበዱ ስለ ምክንያቱ ፍንጭ ይሰጣል።

መኪናው ቆሞ መሪው ከብዶ፣ ነዳጅ ሲሰጠው ግን ከቀለለ የተዳከመ ፓምፕ ወይም የሚንሸራተት ቺንጋ ሊጠረጠር ይገባል። ወደ ግራ ቀሎ ወደ ቀኝ ከከበደ ወይም የዚህ ተቃራኒ ከሆነ ችግሩ ከፓምፑ ይልቅ በመሪው ሳጥን ውስጥ ባለው የዘይት ማከፋፈያ ቫልቭ ላይ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከታጠፈ በኋላ ወደ መሐል መመለስ እንቢ ካለ ቴስቲናዎቹ፣ የመሪው ዘንግ መገጣጠሚያዎች ወይም የጎማ አላይመንት መታየት አለባቸው። መኪናው በቀጥታ መንገድ ላይ ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነም ፍተሻው ከጎማ አየርና ከአላይመንት ይጀምራል።

ሁለተኛው ምልክት ድምፅ ነው። መሪው ሲዞር የሚሰማ የማቃሰት ድምፅ ዘይት መጉደሉን ወይም አየር መግባቱን ያመለክታል። ሹል የሆነ ጩኸት፣ በተለይ ጠዋት ሞተሩ እንደተነሳ ወይም መሪው እስከ መጨረሻው ሲታጠፍ የሚሰማው፣ አብዛኛውን ጊዜ የላላ ወይም ያረጀ ቺንጋ ነው። በጉድጓድ ላይ ሲያልፉ ከፊት የሚሰማ የመንኳኳት ድምፅ ደግሞ የላሉ መገጣጠሚያዎችን ይጠቁማል።

ሦስተኛው ምልክት ማንጠባጠብ ነው። የመሪ ዘይት ዝግ ሥርዓት ውስጥ የሚዞር በመሆኑ እንደ ነዳጅ እየተቃጠለ አያልቅም። መጠኑ ከቀነሰ የሆነ ቦታ እየወጣ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ዘይት እየጨመሩ መሄድ ጥገና ሳይሆን ብልሽቱን ማስታመም ነው።

ከጉዞ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ይህ ፍተሻ ልዩ መሣሪያ አይፈልግም። ጨርቅ፣ የእጅ ባትሪ፣ ማስመሪያና አንድ ሰፊ ካርቶን በቂ ናቸው። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ጎማው በድንጋይ ይደገፍ።

አንደኛ፣ ዘይቱን ማየት። ኮፋኖው ተከፍቶ የመሪ ዘይት ታንከሩ ይፈለጋል። አንዳንዱ ከውጭ ደረጃው የሚታይበት ሲሆን፣ አንዳንዱ ደግሞ በክዳኑ ላይ የተገጠመ መለኪያ አለው። በብዙ መኪኖች ለቀዝቃዛና ለሞቀ ዘይት የተለያየ ምልክት ስላለ የትኛው እንደሚነበብ መለየት ያስፈልጋል። ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ዙሪያው በጨርቅ ይጠረግ። ከአቧራው አንዲት ቁንጣሪ ወደ ውስጥ ብትገባ ፓምፑን እንደ አሸዋ ወረቀት ትፍቀዋለች።

ሁለተኛ፣ የዘይቱን መልክ መመርመር። ጥቂት ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ ይንጠብ። ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ሽታ ካለው አርጅቷል። አረፋ የያዘ ከሆነ አየር እየገባ ነው። እንደ ወተት ከነጣ አየር ወይም ውኃ ተቀላቅሎታል። የሚያብረቀርቅ የብረት ቅንጣት ከታየበት ደግሞ ከውስጥ የሚበላ ክፍል ስላለ መኪናው ወደ ጋራዥ መሄድ ይኖርበታል።

ሦስተኛ፣ ማንጠባጠቡን መፈለግ። ካርቶኑ ማታ ከሞተሩ ሥር ይነጠፍና ጠዋት ይታይ። ጠብታው ያረፈበት ቦታ ምንጩን ይጠቁማል። ከዚያም ሞተሩ ጠፍቶ በቀዘቀዘ ጊዜ የቱቦዎቹ መጋጠሚያ፣ የፓምፑ ዙሪያና የመሪው ሳጥን በእጅ ባትሪ ይፈተሹ። አቧራ ተጣብቆበት እርጥብ ጭቃ የመሰለ ቦታ ካለ ዘይት የሚወጣው እዚያ ነው። ሞተሩ እየሠራ ሳለ የቱቦ መፍሰሻን በእጅ መዳሰስ ፈጽሞ አይገባም። የግፊቱ መጠን ከከባቢ አየር ግፊት እጅግ የሚበልጥ በመሆኑ ከቀጭን ቀዳዳ የሚወጣ ትኩስ ዘይት ቆዳ በስቶ ሊገባ ይችላል።

አራተኛ፣ ቺንጋውን ማየት። ሞተሩ ጠፍቶ ቺንጋው መሐል ላይ በአውራ ጣት ይጫን። በብዙ መኪኖች 10 ሚሊ ሜትር ገደማ መጉበጥ ጤናማ ነው። ከዚያ በላይ ከላላ ይንሸራተታል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ደግሞ የፓምፑን ኩሽኔታ ይጎዳል። የተሰነጠቀ፣ ጠርዙ የተበላ ወይም ዘይት የነካው ቺንጋ በአዲስ ይተካ።

አምስተኛ፣ የመሪውን ባዶ እንቅስቃሴ መለካት። ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ሳለ መሪው በዝግታ ወዲያና ወዲህ ይነካካ። የፊት ጎማው ሳይንቀሳቀስ የመሪው ጠርዝ የሚሄደው ርቀት በማስመሪያ ይለካ። በብዙ ቀላል ተሽከርካሪዎች ከ30 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም። የጭነት መኪኖች ልክ ግን ስለሚለያይ የአምራቹ መመሪያ ይታያል።

ስድስተኛ፣ ረዳቱ መሥራቱን ማረጋገጥ። ቁልፉ የመሪውን መቆለፊያ በሚለቅበት ቦታ ላይ ሆኖ፣ ሞተሩ ሳይነሳ መሪው በለስላሳ ግፊት ወደ አንድ ጎን ይያዝ። ግፊቱ ሳይለቀቅ ሞተሩ ይነሳ። ጤነኛ በሆነ የዘይት ሥርዓት መሪው ሞተሩ እንደተነሳ በግፊቱ አቅጣጫ ትንሽ ለቀቅ ይላል። ምንም ለውጥ ከሌለ ረዳቱ ሥራውን እየሠራ አይደለም። ከዚያ መሪው ከጥግ እስከ ጥግ ይዙር፤ ነገር ግን መጨረሻው ላይ ከጥቂት ሴኮንድ በላይ ተይዞ አይቆይ። በዚያ ቦታ ግፊቱ ከፍተኛ ሆኖ ዘይቱ በፍጥነት ስለሚግል ፓምፑ ይጎዳል።

ሰባተኛ፣ የጎማ መገጣጠሚያዎችን መፈተሽ። የፊት ጎማ በክሪክ ከተነሳና መኪናው በጠንካራ መደገፊያ ላይ ካረፈ በኋላ ጎማው ከግራና ከቀኝ ጎኑ ተይዞ ይነቅነቅ። የሚሰማ ልቅነት ካለ ቴስቲናው ወይም ኩሽኔታው አልቋል። ቴስቲናውን የሸፈነው ላስቲክ ከተቀደደም አቧራና ጭቃ ገብቶ በአጭር ጊዜ ይበላዋልና ሳይውል ሳያድር መለወጥ አለበት።

ዘይት ሲጨመር የሚሠሩ ስሕተቶች

የትኛው ዘይት እንደሚጨመር በታንከሩ ክዳን ላይ ወይም በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። ብዙ የጃፓን መኪኖች ዴክስሮን የሚባለውን ቀይ የካምቢዮ ዘይት ሲጠቀሙ፣ አንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች ሌላ ዓይነት ይፈልጋሉ። ዓይነቱ ያልታወቀን ዘይት መቀላቀል ፓራኦሊዮዎችን ሊጎዳ ይችላል። ከሁሉም የከፋው የፍሬን ዘይት መጨመር ነው። የፍሬን ዘይት የመሪውን ላስቲኮች አሳብጦ ስለሚያበላሽ ትንሽ የነበረው ማንጠባጠብ ሥርዓቱን በሙሉ ወደ መለወጥ ሊያደርስ ይችላል።

ዘይት ከጎደለ በኋላ የገባው አየር መውጣት አለበት። የፊት ጎማዎች ተነስተው፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ መሪው በዝግታ ከጥግ እስከ ጥግ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፤ በመሐሉም የጎደለው ዘይት ይሞላል። ከዚያ ሞተሩ ተነስቶ ያው ይደገማል። በታንከሩ ውስጥ አረፋ መታየቱ ሲቆምና ድምፁ ሲጠፋ አየሩ ወጥቷል ማለት ነው።

በኤሌክትሪክ የሚታገዝ መሪ

እንደ ቪትዝ ባሉ ብዙ አነስተኛ መኪኖች ላይ ዘይትም ፓምፕም የለም። መሪውን የሚያግዘው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በ2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች ቁጥር እያደገ በመሆኑ ይህ ዓይነቱ መሪ ከከተማ ወደ ገጠር መዝለቁ አይቀርም።

የዚህ መሪ ፍተሻ የሚጀምረው ከዳሽቦርዱ ነው። የመሪ ምስል ያለበት መብራት ሞተሩ ከተነሳ በኋላ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ኮምፒውተሩ ስሕተት መዝግቧል፤ ይህንንም የሚያነበው የምርመራ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ነው። መሪው በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ የደከመ ባትሪ፣ የዛገ የባትሪ ማሰሪያ፣ የተቃጠለ ፊውዝ ወይም በቂ ኃይል የማይሰጥ ዲናሞ መሪውን ሊያከብድ ይችላል። በጠባብ ቦታ ደጋግሞ ከጥግ እስከ ጥግ ማዞርም ሞተሩን ያግላል፤ ሥርዓቱም ራሱን ለመጠበቅ ዕገዛውን ለጊዜው ይቀንሳል። እንዲህ ሲሆን ጥቂት ማሳረፍ ይበቃል።

ትራክተር ያላቸው አርሶ አደሮች

በብዙ ዘመናዊ ትራክተሮች ላይ በመሪውና በጎማው መካከል የሚያያይዝ ብረት የለም፤ ትእዛዙን የሚያደርሰው ዘይቱ ብቻ ነው። በመሆኑም ግፊቱ ሲጠፋ ትራክተሩን መምራት ከመኪናው ይልቅ እጅግ ይከብዳል። ትራክተሩ ከማሳ ወጥቶ ተጎታች እየሳበ በሰው መንገድ ከመሄዱ በፊት የዘይቱን መጠንና ቱቦዎቹን ማየት የግድ ነው። በእርሻ ወቅት በገለባና በግንድ የሚላጡ ቱቦዎች በተለይ ይታዩ።

የአካባቢው መንገድ ምን ይጨምራል?

ጂንካ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ኦሞራቴ ግን ከ500 ሜትር በታች ናት። በአንድ ቀን ጉዞ ተሽከርካሪው ከነፋሻ አየር ወደ ከባድ ሙቀት ይወርዳል። የጋለ ዘይት ይቀጥናል፤ ያረጀ ላስቲክም በሙቀት ይሰነጠቃል። በበጋ የሚነሳው ደቃቅ አቧራ በተቀደደ ላስቲክ ገብቶ መገጣጠሚያ ይበላል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ዋና የዝናብ ወቅት ደግሞ ጭቃና ድንገተኛ ጎርፍ የሚያመጡ ወንዞች አሉ። ውኃ ውስጥ ያለፈ መኪና ሲመለስ ከሥሩ ይታጠብ፤ ቺንጋውና የመሪው ዘይት መልክም በዚያው ይታይ። ከዝናቡ መግባት በፊት አንድ ጊዜ፣ ከወጣ በኋላ ሌላ ጊዜ ሙሉ ፍተሻ ማድረግ ለዚህ አካባቢ ተስማሚ ልማድ ነው።

ሞተር አጥፍቶ በፎሌ መውረድ

ነዳጅ ለመቆጠብ በሚል ረጅም ቁልቁለት ሞተር አጥፍቶ በፎሌ መውረድ አንዳንድ አሽከርካሪዎች የለመዱት ነገር ነው። ይህ ልማድ መሪውን በገዛ እጅ ማበላሸት ያህል ነው። ሞተሩ ሲቆም የመሪው ፓምፕ አብሮ ይቆማል፤ መሪው ወዲያው ይከብዳል። የፍሬኑ ዕገዛም ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያልቃል። ቁልፉ እስከ መጨረሻው ከተመለሰ ወይም ከተነቀለ ደግሞ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። ሰውና ጭነት የያዘ መኪና በወይጦ ቁልቁለት ላይ መሪም ፍሬንም አጣ ማለት ነው። የሚቆጠበው ጥቂት ነዳጅ ከዚህ ጋር የሚመዛዘን አይደለም።

መሪው በጉዞ ላይ ቢከብድ

ዕገዛው መጥፋቱ መሪው ጨርሶ አይሠራም ማለት አይደለም። በአብዛኞቹ መኪኖች መሪውና ጎማው በብረት የተያያዙ በመሆናቸው በበለጠ ኃይል ማዞር ይቻላል። አሽከርካሪው አይደንግጥ፤ መሪውን በሁለት እጁ አጥብቆ ይያዝ። ሞተሩን አያጥፋ። ነዳጁን ለቅቆ፣ ማርሽ ቀንሶ፣ ፍጥነቱን በዝግታ ካበረደ በኋላ ከመንገድ ዳር ሰፊ ቦታ ላይ ይቁም። የማስጠንቀቂያ መብራቱን አብርቶ ከኋላ ለሚመጡ ምልክት ያኑር። ኮፋኖውን ከፍቶ ቺንጋው መኖሩን ይመልከት። በአንዳንድ መኪኖች ያው ቺንጋ የራዲያተሩን ውኃ ፓምፕና ዲናሞውንም ስለሚያዞር ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ጉዞ መቀጠል ሞተሩን ያቃጥላል። ቁልቁለት ወይም ሕዝብ የሚበዛበት ገበያ ፊት ለፊት ካለም ተሳፋሪውን አውርዶ ዕርዳታ መጠበቅ ይሻላል።

የባለንብረቱና የተሳፋሪው ድርሻ

በአገሪቱ ሕግ መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ማለፍ ይጠበቅበታል። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የተደነገገው ይህ ምርመራ በየዓመቱ ከሚለጠፈው ቦሎ ጋር የተያያዘ ነው። ነገር ግን ቦሎ የሚመሰክረው መኪናው በተመረመረበት ቀን ስለነበረው ሁኔታ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ኃላፊነቱ የባለንብረቱና የአሽከርካሪው ነው።

አሽከርካሪው መሪው ከብዷል ሲል ባለንብረቱ «ይህን ጉዞ ብቻ ጨርስ» ከማለት ይቆጠብ። የላላ ቱቦ ማጥበቅ ወይም ቺንጋ መለወጥ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ያለ ዘይት ሲዞር የቆየ ፓምፕ ግን ተበልቶ ያልቃል፤ መለዋወጫውም ከሩቅ ከተማ እስኪመጣ መኪናው ሥራ ፈትቶ ይቆማል፤ ሙዙም በማሳ ላይ ይበስላል። ተሳፋሪውም ቢሆን መሪው ሲያቃስት፣ አሽከርካሪው በመታጠፊያ ላይ ሲታገል ካየ ዝም አይበል። ቆም ብሎ መፈተሽ የሚያዘገየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ቀይ አፈር ላይ ያልተፈተሸ መሪ የሚፈተነው ወይጦ ሳይደርስ በቁልቁለቱ መሐል ነው።